«ፍቅር እስከ መቃብር» ቤት ውስጥ ለምትማር የ15 ዓመት ልጅ ይሆናል?

የቨርጂኒያዋ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄን ከ6ኛ ክፍል ጀምሮ ቤት ውስጥ የማስተምራት እኔ ነኝ፤ አሁን 15 ዓመቷ ነው። የአማርኛ ንባብ ሰንበት ትምህርት ቤት ጀምራ ዛሬ ጋዜጣ ያለ ችግር ታነባለች። ለመጪው ዓመት አንድ ረጅም የአማርኛ ልብ ወለድ ከዳር እስከ ዳር እንድታነብ አስቤ ምርጫውን ባማክራት፣ የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ካልሆነ አለች። አያቷ ስለ መጽሐፉ ዋና ገጸ ባሕርይ ስለ ሰብለ ወንጌል እያወሩላት ነው ያደገችው።

መጽሐፉን እወደዋለሁ። ነገር ግን እኔ ሳነበው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነበርሁ፤ አብረውኝ የሚከራከሩ ጓደኞችም ነበሩኝ። እርሷ የምታነበው ከእኔ ጋር ብቻ ነው። ሰሞኑን እንደገና ሳገላብጠው የፍቅሩ አገላለጽ አላሳሰበኝም፤ በጨዋ ቋንቋ የተጻፈ ነው። ያሳሰበኝ ፍቅሩ የተጀመረበት ቦታ ነው። በዛብህ የሰብለ አባት ፊታውራሪ መሸሻ ቤት የገባው ሰብለን ሊያስተምር ነው። አስተማሪ ተማሪውን ሲያፈቅር፣ ደራሲውም በሙሉ ልቡ ከእነርሱ ጋር ሲቆም፣ የ15 ዓመት ልጅ ይህን እንዴት ትረዳዋለች? የበዛብህ ወላጆች ልጃቸውን ለቤተ ክርስቲያን የሰጡበት ስእለትም አለ፤ እኛም ስእለት የምንሳል ቤተሰብ ነን። መጨረሻው ደግሞ ሞትና ምንኵስና ነው።

ባለቤቴ 18 እስኪሞላት ይቆይ ይላል። እናንተስ ምን ትላላችሁ? በተለይ ለልጆቻችሁ ያስነበባችሁ ወይም የከለከላችሁ ካላችሁ፣ ምክንያታችሁን ብትነግሩኝ ትልቅ ውለታ ነው።

የአማርኛ መምህር፣ አዲስ አበባ

እህቴ፣ ያስነብቧት። ለብዙ ዓመታት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን ሳስተምር በዚህ መጽሐፍ የተበላሸ ልጅ አላየሁም። ግማሽ ላይ ደርሶ የተወው ግን ብዙ ነው፤ ስለዚህ የእኔ ስጋት ከእርስዎ የተለየ ነው።

መጽሐፉ ከ500 ገጽ በላይ ነው። ሰብለ ወንጌልን ለማግኘት የቸኮለ ልጅ በመጀመሪያ የሚያገኘው የበዛብህን የትውልድ መንደር ማንኩሳን፣ ወላጆቹን ቦጋለ መብራቱንና ውድነሽ በጣሙን ነው። ደራሲው እዚያ አይቸኩሉም። የበዛብህ ወላጆች እንዴት እንደተጋቡ፣ ልጁ እንዴት ለቤተ ክርስቲያን እንደተሰጠ ሳይረዱ መጨረሻውን መረዳት አይቻልም፤ የልጁን ሕይወት ይዞ እስከ መጨረሻ የሚሄደው ያ ስእለት ነውና። ልጅዎ ይህን ክፍል እንድትታገሠው አስቀድመው ይንገሯት።

ስለ አስተማሪው ጉዳይ ደግሞ፣ ሰብለ ሕፃን አይደለችም። በዘመኗ ልማድ የጋብቻ ጊዜዋ ያለፈባት ትልቅ ሴት ናት። ያለፈባትም አባቷ ለዘራችን የሚመጥን አልተገኘም እያሉ ጠያቂዎችን ሁሉ ስለመለሱ ነው። ይህ ልዩነት ለውይይት በጣም ይጠቅማል። ጥፋቱ ከየት እንደጀመረ ልጅዎን ይጠይቋት፤ ከበዛብህ ነው ወይስ ሴት ልጃቸውን እንደ ርስት ከሚጠብቁት አባት?

አንድ የሚያስደስት ነገርም ልጨምር። ደራሲው በዚህ መጽሐፍ ጠብቆ የሚነበበውን ፊደል የሚለይ ምልክት ተጠቅመዋል። ውጭ አገር ላደገ ልጅ ይህ ትልቅ እርዳታ ነው፤ ገና እና ገና፣ አለ እና አለ የሚምታቱበት አንባቢ ምልክቱን አይቶ ያልፋል። ስትገዙ ያንን ምልክት የያዘ እትም ፈልጉ።

አባ ወራ ከዳላስ

እኔ አልስማማም። ምክንያቴንም በግልጽ ልናገር፤ አራት ልጆች ቤት ውስጥ የማስተምር አባት ነኝና ነገሩ ለእኔ ሩቅ አይደለም።

ሰብለ ወንጌል ማን ናት? ከቤት ሳትወጣ የምትማር ልጅ ናት። አስተማሪ የሚመጣላት ቤቷ ድረስ ነው። የሚያገቧትን የሚመርጡት፣ የምታየውን የሚወስኑት ወላጆቿ ናቸው። ደራሲው ያንን ቤት እስር ቤት አድርገው ነው የሳሉት፤ ፊታውራሪ መሸሻንና ወይዘሮ ጥሩአይነትንም የእስር ቤቱ ጠባቂዎች። ለመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ይህ የድሮ ባላባት ታሪክ ነው። የእኔን ቤት ልጅ ግን በቀጥታ ይነካታል። አባቷ አስተማሪዋ ነው፣ እናቷ ርእሰ መምህሯ ናት፣ ጓደኞቿን የምታገኘው እኛ በምንወስዳት ቦታ ነው። በ15 ዓመቷ «እኔም ሰብለ ነኝ» ብትል ምን ልመልስላት ነው? መጽሐፉ መልስ አይሰጠኝም፤ መጽሐፉ ከእርሷ ጋር ነው።

ለዚህ ነው ቆይ የምለው። ለሁልጊዜ አልከለክልም። ትልቅነቱንም አልክድም፤ ከዚህ የሚበልጥ የአማርኛ ልብ ወለድ አላውቅም። ልጆቼ የሚያነቡት 17 ሲሞላቸው ነው።

የማርቆስ ልጅ

አባ ወራ፣ የጠቀሱት ነገር ከሁሉም የከበደ ነው፤ ሌሎቻችን አላየነውም ነበር። እኔ ግን ከዚያው ተነሥቼ ወደ ተቃራኒው እደርሳለሁ።

ደብረ ማርቆስ ነው ያደግሁት፤ መጽሐፉን ያነበብሁት በ14 ዓመቴ ነው፣ ብርድ ልብስ ውስጥ ተደብቄ። ማንም አልከለከለኝም፣ ማንም ግን አብሮኝ አላነበበም። ስለ ሰብለ የተሰማኝን ሁሉ ለራሴ ብቻ ነው ያወራሁት። እናቴ መጽሐፉን ታውቀው ነበር፤ ስለ እርሱ አንድ ቀን እንኳ ተቀምጠን አልተነጋገርንም። ያ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ሰብለ በዚያ ቤት ውስጥ የልቧን የምትነግረው ወላጅ የላትም። በቤቱ ካሉት ትልልቅ ሰዎች እንደ ሰው የሚያነጋግራት ጉዱ ካሳ ነው፤ እርሱን ደግሞ እብድ ብለውታል። ቤት ውስጥ የምትማር ልጅ ቤቷን ከፊታውራሪ ቤት ጋር ብታነጻጽር፣ ጥያቄዋን ይዛ ወደ እርስዎ የምትመጣው አብራችሁ ካነበባችሁ ነው። 17 ሲሞላት ብቻዋን ካነበበችው ንጽጽሩ አይቀርም፤ እርስዎ ግን እዚያ የሉም። «እኔም ሰብለ ነኝ» ካለችዎ ደግሞ እሰየው ይበሉ። ፊታውራሪ መሸሻ ልጃቸው እንዲህ ብላ ፊታቸው እንድትቆም ፈቅደው ቢሆን ኖሮ ታሪኩ ሌላ ይሆን ነበር።

ሙኒክ ነዋሪ

እዚህ ጀርመን ልጅን ቤት ውስጥ ማስተማር ሕጉ አይፈቅድም፤ ስለዚህ አማርኛ የምናነበው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው። ልጄ 16 ዓመቱ ነው። በጽሑፍ ብቻ ብሰጠው ኖሮ ማንኩሳን ሳይሻገር ይተወው ነበር። ያሻገረው የወጋየሁ ንጋቱ ትረካ ነው፤ በኢትዮጵያ ሬዲዮ የተላለፈው፣ ዛሬ በኢንተርኔት በቀላሉ የሚገኘው። መጀመሪያ ክፍሉን እናዳምጣለን፣ ከዚያ ያንኑ ከመጽሐፉ ጮክ ብሎ ያነብልኛል። ወጋየሁ የፊታውራሪን ኩራት በድምፁ ሲያወጣው ልጄ መሬት ላይ ተንከባለለ። የጉዱ ካሳ ንግግር ላይ ሲደርስ ደግሞ ማጫወቻውን አስቁሞ «አባዬ፣ ይህን ሰውዬ ለምን እብድ አሉት?» አለኝ። በጥያቄው ላይ ምሽቱን ሙሉ አወራን።

የልጄ አማርኛ ከእርስዎ ልጅ አማርኛ እጅግ የደከመ ነው፤ እርሱ ከቻለው እርሷ አያቅታትም።

የቅኔ ቤት ተማሪ

ስለ ስእለቱ ስለተነሣ ጥቂት ልበል፤ በአብነት ትምህርት ቤት ያለፍሁ ሰው ነኝ።

ብዙ ሰው ይህ መጽሐፍ ቤተ ክርስቲያንን ይቃወማል ሲል እሰማለሁ። እኔ እንደዚያ አላነበብሁትም። ከንባብ ቤት እስከ ዜማ፣ ከዜማ እስከ ቅኔ የሚሄደውን መንገድ፣ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ የሚለምነውን ቆሎ ተማሪ፣ የዲማ ጊዮርጊስን የትምህርት ክብር እንዲህ በፍቅር የጻፈ ሌላ ልብ ወለድ አላገኘሁም። አሜሪካ ያደገች ልጅ አያቶቿ የት ተምረው እንደመጡ የምታይበት መስኮት ነው። ደራሲው የሚተቹት ሥርዓቱን ነው፤ ገባሩ ላይ የተጫነውን ቀንበር፣ በዘር የሚመዘነውን ጋብቻ፣ ይህን ሁሉ በእግዚአብሔር ስም የሚያጸድቁትን ሰዎች።

ስእለቱ ግን እውነት ከባድ ነው። በዛብህ የተሸከመው ራሱ ያልተሳለውን ስእለት ነው። ወላጆቹ ይህ ልጅ ከተረፈልን ብለው ሰጡት፤ እርሱ ደግሞ አድጎ ልቡ ወደ ሌላ ሲሄድ የሞቱ ወላጆቹን የከዳ ይመስለዋል። ሃይማኖት ያላት ልጅ ይህን ጭንቀት ከማንኛውም አንባቢ በላይ ትረዳዋለች። ከማንበቧ በፊት ከንስሓ አባታችሁ ጋር ብትነጋገሩ ጥሩ ነው፤ ወላጅ ለልጁ የሚሳለው ስእለት እስከ የት ይደርሳል የሚለውን ልጅቷ ራሷ ትጠይቃቸው። ለካህናት እንዲህ ያለ ጥያቄ ከልጅ አፍ መስማት ደስ ይላቸዋል።

ነርሷ

ከወጣቶች ጋር ስለምሠራ ከመጽሐፉ ይልቅ ስለ ልጅቷ መጠየቅ እፈልጋለሁ። በቅርቡ ሰው ሞቶባታል? እንቅልፏና ምግቧ ደህና ነው? ይህን የምለው መጨረሻው ለማንም ስለሚከብድ ነው። በዛብህ በሽፍቶች ቆስሎ መንገድ ላይ ሲሞት፣ ስትፈልገው በመነኩሴ ልብስ ተሰውራ የመጣችው ሰብለ የምትደርስበት ሁኔታ ትልቅ ሰው ያስለቅሳል። ደህና የሆነች ልጅ አልቅሳ ትነሣለች። ሐዘን ላይ ያለች ልጅ ግን ያንን ክፍል ሌሊት ብቻዋን ባታነበው እመርጣለሁ።

ሌላው የአስተማሪው ነገር ነው። በልብ ወለዱ ላይ ከመከራከር በፊት ዛሬ ስላለው ሕይወት በቀጥታ ንገሯት። የሒሳብ አስጠኚዋም ይሁን የፒያኖ አስተማሪዋ፣ ትልቅ ሰው ሆኖ የፍቅር ቃል ቢናገራት ወይም ይህን ለእናትሽ አትንገሪ ቢላት ወዲያውኑ ወደ እናንተ እንድትመጣ፣ ጥፋቱም የእርሷ እንዳልሆነ ይታወቃት። ይህ አንድ ጊዜ በግልጽ ከተነገረ በኋላ የበዛብህንና የሰብለን ፍቅር እንደ ፍቅር ማንበብ ትችላለች። ሁለቱን አታደባልቁባት።

የቨርጂኒያዋ እናት

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ነርሷ ለጠየቁኝ፣ አዎ። ስለ ሰብለ ያወሩላት የነበሩት አያቷ በጥር ወር ዐርፈዋል። መጽሐፉን የፈለገችውም ለዚህ ይመስለኛል። ትበላለች፣ ትተኛለች፣ ትሥቃለችም፤ ስለ አያቷ ግን ብዙ አታወራም።

አባ ወራ የጻፉትን ለባለቤቴ አነበብሁለት። «ይኸው!» አለ። የማርቆስ ልጅ የመለሰችውንም አነበብሁለት፤ ዝም አለ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን ራሱ አንብቦት እንደማያውቅ ነገረኝ፤ ልጅ ሆኖ በሬዲዮ ነው የሰማው።

መምህር፣ አንድ ጥያቄ አለኝ። አንዳንድ ክፍሎችን መዝለል ይቻላል? የመጨረሻዎቹን ምዕራፎች ለምሳሌ ለሌላ ዓመት ማቆየት? ወይስ መጀመሪያ ሌላ አጭር መጽሐፍ ብታነብ ይሻላል?

የአማርኛ መምህር፣ አዲስ አበባ

መዝለል አይሆንም፣ እህቴ። ርእሱ ላይ መቃብር ያለበትን መጽሐፍ መጨረሻውን ደብቀው ቢሰጧት በአንድ ሌሊት ጨርሳው ታድራለች፤ ያም ነርሷ የፈሩት ሁኔታ ነው። ይልቅ መጨረሻውን አስቀድመው ይንገሯት። አያቷም ሳይነግሯት አልቀሩም። የዚህ መጽሐፍ ኃይል ምን ይሆናል በሚለው ላይ አይደለም፤ ለምን እንዲህ ሆነ በሚለው ላይ ነው። ማዘግየት የሚገባው ፍጥነቱን ነው። የመጨረሻውን ክፍል ቀን ቀን፣ እርስዎ ባሉበት፣ ጮክ ተብሎ ይነበብ።

አጭር መጽሐፍ ካሻዎት የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ጦቢያ» አለ። በ1900 ዓ.ም. ሮም የታተመ፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የሚባለው ነው። በጥቂት ቀን ያልቃል። እዚያም ወንድ መስላ የምትጓዝ ልጅ አለች፤ ከሰብለ ጋር ጎን ለጎን ለማየት ደስ ይላል። ቋንቋው ግን ከሐዲስ ቋንቋ ይከብዳል፤ ስለዚህ እንደ ማሟሻ አይቁጠሩት። እኔ ብሆን በቀጥታ ወደ ማንኩሳ እገባ ነበር።

ቤት ውስጥ ማስተማርዎ እኔ የሌለኝን ዕድል ይሰጥዎታል። እኔ ብዙ ተማሪ ይዤ በ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ አንድ ቅንጫቢ ነው የማስነብበው። እርስዎ ከልብ ወለዱ ተነሥተው ወደ ታሪክ መሄድ ይችላሉ። ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት የካቲት 1957 ዓ.ም. ነው፤ መጽሐፉ የታተመው በ1958 ዓ.ም.፤ የገጠር መሬት የሕዝብ እንዲሆን የታወጀው የካቲት 1967 ዓ.ም.። በአበጀ በለው የተመራው የገባሮቹ ዐመፅ ከእነዚህ ዓመታት ጋር ሲነበብ ልጅቷ ከፍቅር ታሪክ በላይ የሆነ ነገር ይዛ ትወጣለች። ደራሲውም ቢሆኑ ዝም ብለው ጠረጴዛ ላይ የኖሩ ሰው አይደሉም፤ በጣሊያን ወረራ ከራስ እምሩ ጋር ዘምተው ተማርከዋል፣ ጣሊያን አገር ታስረዋል፣ ኋላም ዲፕሎማትና የትምህርት ሚኒስትር ሆነዋል። ገባሩን የተሟገቱለት ሰው ራሳቸው የንጉሡ መንግሥት ሹም መሆናቸው ብቻውን የአንድ ሳምንት ትምህርት ነው።

የማርቆስ ልጅ

ለባለቤትዎ አንድ ነገር ንገሩልኝ። እዚያው አሜሪካ የ9ኛ ክፍል ልጆች ሮሚዮና ጁልየትን ያነባሉ። ጁልየት 14 ዓመት እንኳ አልሞላትም፤ ሁለቱም ራሳቸውን ያጠፋሉ። ያንን ማንም ወላጅ 18 ይሙላት አይልም። በዛብህና ሰብለ እስከ መጨረሻው ለመኖር ነው የሚታገሉት። የራሳችን መጽሐፍ ሲሆን ለምን እንዲህ እንደምንፈራ አይገባኝም።

አባ ወራ ከዳላስ

እኔ ሮሚዮና ጁልየትንም አዘግይቻለሁ፣ ስለዚህ ሚዛኔ አንድ ነው። ለአባት መልስ እንዲሆን ያህል ግን፣ እህታችን ባለቤቷ መጽሐፉን እንዳላነበበ የጻፈችው ነገር አሳስቦኛል። ከሁሉ በፊት እርሱ ያንብበው። እናት ብቻ አንብባ ከልጇ ጋር ብትወያይ፣ አባት ደግሞ ከውጭ ሆኖ አይሆንም ቢል፣ ሳያውቁት ፊታውራሪ መሸሻን ቤታችሁ አመጣችሁት ማለት ነው። የእኔ ልጆች 17 እስኪሞላቸው ይጠብቃሉ፤ እናንተ ግን ሦስታችሁም የምታነቡት ከሆነ ተቃውሞ የለኝም።

ለማርቆሷ እህቴ ደግሞ፣ «እሰየው በሉ» ያልሽውን ሳስበው ሰነበትሁ። የመጀመሪያ ልጄ በሚቀጥለው ዓመት 17 ይሞላታል። የዚያን ጊዜ እዚህ መጥቼ እጠይቅሻለሁ።

ሙኒክ ነዋሪ

እህቴ፣ አሜሪካ ውስጥ ለመንግሥት የምታቀርቡት ነገር አለ ሲባል ሰምቻለሁ። ይህ ንባብ ለዚያ ይቆጠራል?

የቨርጂኒያዋ እናት

በቨርጂኒያ በየዓመቱ እስከ ኦገስት 1 ልጅቷ መሻሻሏን የሚያሳይ ማስረጃ እናቀርባለን፤ እኛ የምንልከው የመደበኛ ፈተና ውጤት ነው። ፈተናው አማርኛን አይጠይቅም። ስለዚህ ይህ መጽሐፍ ለማንም ቁጥጥር ተብሎ የሚሠራ አይደለም፤ ጊዜውንም አኳኋኑንም የምንወስነው እኛ ነን። ይህ ራሱ አቀለለኝ።

ትናንት ሦስታችንም ተቀምጠን ተነጋገርን። ባለቤቴ መጽሐፉን ጀምሯል፤ እርሱ ፊታውራሪ ቤት እስኪደርስ ልጄ ትጠብቃለች። ከዚያ ከመስከረም ጀምሮ ትረካውን እያዳመጥን አብረን እናነባለን፤ የመጨረሻው ክፍል ቀን ቀን ነው። የነርሷን ምክር ደግሞ ዛሬውኑ ፈጸምሁ፤ ስለ አስተማሪዎቿ በግልጽ ነገርኋት። «ይህንንማ አውቃለሁ፣ ግን መንገርሽ ጥሩ ነው» አለችኝ። ስለ ስእለቱ ለንስሓ አባታችን ጥያቄዋን ራሷ እየጻፈች ነው፤ እንዳነበው አልፈቀደችልኝም።

አንድ የቀረኝ ነገር እትሙ ነው። ቤት ያለው የአያቷ ነው፣ ገጾቹ ተነቃቅለዋል።

የአማርኛ መምህር፣ አዲስ አበባ

የአያቷን አስጠርዘው ያስቀምጡላት፤ ለንባቡ ሌላ ይግዙ። ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ ከመካከል የሁለት ገጽ ፎቶ እንዲልክልዎ ይጠይቁ። የማጥበቂያ ምልክቱ በፊደሎቹ ራስ ላይ በግልጽ መታየት አለበት፤ ኅትመቱ የደበዘዘ ወይም ከፎቶ ኮፒ የተባዛ ከሆነ ምልክቱ ይጠፋል፣ ዓይኗም ይደክማል። የደራሲው መቅድም መኖሩንም ያረጋግጡ፤ ስለ ፊደሉ አጻጻፍ ያስረዱት እዚያ ነውና ልጅዎ ንባቡን ከመቅድሙ ትጀምር።